የአውሬዎች ቴያትር በአራዳ

(በራዲዮ ከተሰጡ ንግግሮች)

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በድርሰት ዓለም ሁለት ዐይነት ባለሙያዎች አሉ። አንደኛው ከገዛ ልቡ አመንጭቶ አዲስ ነገር የሚጽፍ ነው። ሁለተኛው ሌላ ሰው ያመነጨውን ታሪክ ተቀብሎ ካንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት የሚያሻግር ነው፤ ይኸውም ተረቱን ወደ ቴያትር፣ ልብ ወለዱን ወደ ሲኒማ፣ ሲኒማውን ወደ መጽሐፍ የሚያዛውር ማለት ነው። የፊተኛው ሲመሰገን ዘወትር እንሰማለን። የኋለኛው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ገልባጭ ይቈጠራል፤ «የራሱ አይደለም» ተብሎም ይታለፋል። ይህ ፍርድ የተገባ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ዛሬ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሰው የብዕር ሥራ እናነሣለን።

በቅርቡ ዘመን በዚህ ሙያ ስማቸው ከታወቀ ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው አለን ዲን ፎስተር ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. የተወለደው ይህ ደራሲ የራሱን የሳይንስ ልብ ወለዶች ከመጻፉ በላይ፣ ለሲኒማ የተሰናዱ ታሪኮችን እየተቀበለ ወደ መጽሐፍ በመለወጥ የታወቀ ነው። «ስታር ዋርስ» የተባለው የጠፈር ጦርነት ታሪክ ሲኒማው በግንቦት ወር 1977 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከመታየቱ ከወራት አስቀድሞ በመጽሐፍ ወጣ። መጽሐፉን የጻፈው ፎስተር ሲሆን በሽፋኑ ላይ የታተመው ስም ግን የሲኒማው ደራሲና አዘጋጅ የጆርጅ ሉካስ ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ኤሊየን» የተባለውን ሲኒማ እንዲሁ በመጽሐፍ መልክ አወጣው፤ በዚያው ዓመት ለታየው ለ«ስታር ትሬክ» ሲኒማም መነሻ ታሪኩን የሰጠ እርሱ ነው። ሥራው በሚሊዮን በሚቈጠሩ ሰዎች እጅ ሲገባ የሠራተኛው ስም ግን ብዙ ጊዜ ከጥላ ሥር ይቀር ነበር።

አሻጋሪ ደራሲ የሚያገኘው ዕጣ እንዲህ ያለ ነው። በአገራችን ግን ከዚህ ሁሉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ይህንኑ ሙያ የያዘ አንድ ሰው የደረሰበት ዕጣ ሌላ ነው። ስሙ አልተሰወረም፤ የተሰወረው ሥራው ነው። እኒህ ሰው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ሥራቸውም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው፣ በአማርኛ የመጀመሪያው የቴያትር ድርሰት ነው።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ በሰያ ደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በልዑል ራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ፣ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ብላቴና ከሠራዊቱ ጋር አብረው ተጓዙ። ከድሉም በኋላ ሊዮንቲየፍ የተባለው ሩሲያዊ ሹም ወደ አገሩ ወሰዳቸው። በዚያም በአንድ የጦር መኰንን ቤተ ሰብ ውስጥ እንደ ልጅ አድገው፣ በፔተርስቡርግ ከተማ በሚገኘው በሚካኤሎቭስኪ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተምረው መኰንን ሆኑ። ከዚያም በምዕራብ አውሮፓ ስለ እርሻ ተማሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ እንግዲህ የመድፍንም የማረሻንም ትምህርት ይዘው ነበር። ከሁለቱ ሌላ ግን ማንም ያላዘዛቸውን አንድ ሦስተኛ ነገር አብረው አመጡ፤ ይኸውም የቴያትር ፍቅር ነው።

አሁን አንባቢ ሆይ፣ የጊዜውን አዲስ አበባ በዐይነ ኅሊናህ ተመልከት። ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሠፈር ያን ጊዜ በዚህ ስም አይጠራም ነበር። ፒያሳ የሚለው ቃል የመጣው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው ከጠላት ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የሠፈሩ ስም አራዳ ሲሆን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚቆመው ታላቁ የከተማው ገበያ ነበር። እህሉ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ ጨውና በርበሬው በሜዳው ተዘርግቶ ይሸጣል፤ በዙሪያው የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች ሱቆች ተሰልፈዋል። ዐዋጅ የሚሰማው በዚያ ነው፤ ወሬም የሚወለደውና የሚያድገው በዚያው ነው። ዘመናዊ ነገር የተባለም ሁሉ ወደ ከተማው ሲገባ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚሁ ሠፈር ነበር። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል በዚህ አካባቢ እንግዳ ይቀበል ነበር። ሌሎችም በውጭ አገር ሰዎች እጅ የነበሩ ሆቴሎች ተከትለው ተከፈቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ቴራስ ሆቴል ነው። ሲኒማ መታየት በጀመረ ጊዜም ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። በጨለማ ውስጥ በግድግዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ማየት ለዐይን እንግዳ ነበርና በዚህ ስም መጠራቱ አያስደንቅም።

በዚህ ከተማ «ቴያትር» የሚለው ቃል ከነገሩ ቀድሞ ገብቶ ነበር። እንደሚተረከው፣ በጊዜው በዚህ ስም እየተጠራ ለመኳንንቱ ይቀርብ የነበረው ዘፈንና ጭፈራ ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በሩሲያና በሌላው አውሮፓ እውነተኛውን ቴያትር ያወቁ ሰው ስለ ነበሩ፣ ይህ ቴያትር አለመሆኑን በቃል ከማስረዳት በሥራ ማሳየትን መረጡ። ስለዚህ በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ»ን ጽፈው በቴራስ ሆቴል በመኳንንቱና በሹማምንቱ ፊት እንዲታይ አደረጉ። «ፋቡላ» የላቲን ቃል ሲሆን ትርጓሜው ተረት ማለት ነው፤ «ኮሜዲያ» ደግሞ የሚያስቅ ቴያትር ነው። ደራሲው ሁለቱንም ቃላት ሳይተረጕሙ ከነባሕር ማዶ ልብሳቸው አስገቧቸው።

ታሪኩንስ ከየት አገኙት? ከፈረንሣዊው ባለቅኔ ከላ ፎንቴን ነው። ላ ፎንቴን የመጀመሪያዎቹን ተረቶች በ1668 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን አሳትሞ ለንጉሡ ልጅ ገጸ በረከት አድርጎ አበረከተ። ነገር ግን ተረቶቹ የላ ፎንቴንም ፈጠራ አልነበሩም፤ እርሱም በበኩሉ ከጥንቱ ግሪካዊ ከኤዞጵ፣ ከሮማዊው ከፌድሩስና ከህንድ ተረቶች የወሰዳቸው ናቸው። ከእርሱም በኋላ ክሪሎፍ የተባለው ሩሲያዊ ብዙዎቹን ተቀብሎ በሩሲያ ቋንቋ የሩሲያን ሹማምንት እንዲወቅሱ አደረጋቸው። ክሪሎፍን በሩሲያ የተማረ ልጅ ሁሉ በትምህርት ቤት ያነበው ነበር። እንግዲህ አንበሳው፣ ቀበሮውና ተኩላው ወደ አራዳ ከመድረሳቸው በፊት ከግሪክ ወደ ሮማ፣ ከሮማ ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ወደ ፔተርስቡርግ ሲዘዋወሩ ኖረዋል ማለት ነው። በየደረሱበትም አገር ያገኙት እንደ አገሬው የሚያናግራቸው አሻጋሪ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ደግሞ አውሬ ሲናገር መስማት አዲስ ነገር አይደለም። በእሳት ዳር የሚነገረው የጦጣና የጅብ ተረት ከእናት ወተት ጋር የሚጠባ ነው። በግእዝም «ፊሳልጎስ» የተባለው መጽሐፍ የእንስሳትንና የአራዊትን ጠባይ እየጠቀሰ ምስጢር ያስተምራል። ከዚህም በላይ ሕዝባችን በቅኔ ትምህርት ሰሙን ከወርቁ መለየት የለመደ ነው። ነገሥታቱም ቢሆኑ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበረ በአፈ ታሪክ ይነገራል። እረኛው በዘፈኑ ውስጥ ሸፍኖ የሚያሰማውን እነርሱ ገልጠው ይሰሙት ነበር። ስለዚህ «ፋቡላ» በቅርጹ የባሕር ማዶ ቢሆንም፣ ጆሮው አስቀድሞ የተዘጋጀለት ሥራ ነበር።

ይሁን እንጂ ተረትን ወደ ቴያትር ማሻገር ቃል በቃል መገልበጥ አይደለም። በመጽሐፍ ላይ ያለ ተረት አጭር ነው፤ በሃያ ወይም በሠላሳ መስመር ያልቃል። ነገሩን የሚተርከው ደራሲው ነው፤ በመጨረሻም ምክሩን ራሱ ይናገራል። በቴያትር ግን ተራኪ የለም። አንበሳው ራሱ መቆም፣ ራሱ መናገር፣ ራሱ መቈጣት አለበት፤ ይህንንም የሚያደርገው የሰው ገላ የለበሰ፣ የሰው ድምፅ ያለው ተጫዋች ነው። ምክሩንም የሚናገር ስለሌለ ተመልካቹ በገዛ ልቡ ያወጣዋል። ሰውየው ለራሱ ያወጣውን ምክር ደግሞ ሌላ ሰው ከነገረው ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል።

ሌላም ልዩነት አለ። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ብቻውን ነው፤ ቢስቅም ብቻውን ይስቃል። በቴያትር አዳራሽ ግን ሰዎች አብረው ይስቃሉ፤ ሲስቁም እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። በመድረኩ ላይ ያለው አንበሳ ወይም ጅብ የማንን ጠባይ እንደሚመስል ሁሉም በልቡ ያስባል፤ የሳቁም ድምፅ እያንዳንዱ ያሰበውን ለሁሉ ይገልጥበታል። በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ደግሞ የአገሩ መኳንንትና ሹማምንት ራሳቸው ነበሩ። ድርሰቱም በአውሬዎቹ አማካይነት የአስተዳደርን ጉድለትና የሹማምንትን ጥቅም ፈላጊነት የሚነቅፍ ነበር። ስለዚህ ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ጆሮ ምንም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ውጤቱም ወዲያው ታየ። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ መንግሥት ጊዜ ድርሰቱ ታገደ። ከእርሱም ጋር የቴያትር ሥራ በጠቅላላው ቆመ፤ እንደገናም ነፍስ የዘራው ከ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ወዲህ፣ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ ትምህርት ቤትን መሠረት አድርገው መጻፍና ማሳየት በጀመሩ ጊዜ ነው። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም፣ በዚያው በአራዳ ሠፈር ቴያትር የራሱን ቤት አገኘ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ላይ ጥቂት ቆመን እናስብ። «የራሱ አይደለም» የሚባለው ሥራ ነው የታገደው። ታሪኩ የፈረንሣዊ፣ ከእርሱም በፊት የግሪካዊ ነበር፤ በመጽሐፍም በኩል አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያነበው ኖሯል። የላ ፎንቴን አንበሳ በፓሪስ ለልዑል ልጅ መማሪያ ሆኖ ቀረበ፤ በአራዳ ሲናገር ግን እንደ ወንጀለኛ ተቈጠረ። እንግዲህ አሻጋሪው በታሪኩ ላይ አንድ ነገር ጨምሮበታል ማለት ነው። የጨመረውም ቦታውን፣ ጊዜውንና አድማጩን ነው። ማን ፊት፣ በምን ቋንቋ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚነገር መርጧል። የደራሲነት ሥራው ይህ ምርጫ ነው።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ከዚህ በኋላ ሌላ ቴያትር ለመጻፍ ዕድል አላገኙም፤ ይሁን እንጂ የማሻገር ሙያቸው አልተወቸውም። በጨርጨር አውራጃ ገዢ ሆነው የአሰበ ተፈሪን ከተማ በአዲስ ሥርዐት አቋቋሙ፤ በመጽሐፍ የተማሩትንም የእርሻና የአስተዳደር ትምህርት በዚያ በተግባር ሞከሩ። ቀጥሎም በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በዚህም ጊዜ ከ«ፋቡላ» እጅግ የሚከብድ የማሻገር ሥራ ተሰጣቸው፤ ይኸውም የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ማዘጋጀት ነው።

ለዚህ ሥራ መነሻ ያደረጉት በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። የጃፓኑ 7 ምዕራፎችና 76 አንቀጾች ነበሩት፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያው ደግሞ 7 ምዕራፎችና 55 አንቀጾች ይዞ ወጣ። በፊርማው በዓል የአዲሱን ሕግ ትርጓሜ ለመኳንንቱ በንግግር ያብራሩ እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በቴራስ ሆቴል በአውሬ አፍ የተናገሩት ሰው፣ አሁን በሰው አፍ፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ ስለ ሥርዐትና ስለ ሕግ ለዚያው ዐይነት ታዳሚ ተናገሩ ማለት ነው።

በዚህም ሥራ ቢሆን የምንመለከተው ምን እንደ ተወሰደ ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ተተወ ጭምር ነው። በጃፓን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በምርጫ የሚገቡ ነበሩ። በእኛው ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በየስፍራው ሹማምንት እንዲመረጡ ተወሰነ። ያ «እስኪችል ድረስ» የተባለው ጊዜ ረዥም ሆነ፤ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። «ፋቡላ» ባለው ልክ ቀርቦ ስለ ታየ ታገደ፤ ሕገ መንግሥቱ በጊዜው ልክ ተቈርጦ ስለ ተሰፋ ጸደቀ። አሻጋሪው ግን በሁለቱም አንድ ሰው ነው።

ሦስተኛው ታላቅ ሥራቸው በጄኔቭ ነበር። ጣሊያን በወልወል ግጭት አመካኝታ ጦር ስታከማች፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ቆመው የተከራከሩ መልእክተኛ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ከላ ፎንቴን የታወቁ ተረቶች አንዱ የተኩላውና የበጉ ተረት ነው፤ ከወንዙ በታች በኩል የሚጠጣው በግ ከላይ በኩል የሚጠጣውን ተኩላ «ውሃዬን አደፈረስህብኝ» ተብሎ ይከሰሳል፤ የሚሰጠውም መልስ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ከመበላት አያድነውም። በ1927 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ይህ ተረት መሆኑ ቀርቶ የዲፕሎማሲ መዝገብ ሆነ። ማስረጃ ቀረበ፤ ክርክር ተደረገ፤ የጣሊያንም ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ገባ። ማኅበሩ ጣሊያንን አጥቂ ብሎ ፈረደባት፤ ፍርዱ ግን በጉን አላዳነውም።

በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር እንዲወጡ ሲመከር ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ምክሩን ከተቃወሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ። እርሳቸውም በኋላ ተሰደው ለብዙ ዓመታት በማዳጋስካር ኖሩ። ነፃነት ከተመለሰም በኋላ ወደ አገራቸው የገቡት ዘግይተው ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ታላቅ ሹመት ሳይመለሱ በጨርጨር፣ በሂርና እርሻቸውን እያረሱ ኖረው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የሕይወታቸውን ታሪክ በእጃቸው ጽፈው ነበር፤ መጽሐፉ ታትሞ ለአንባቢ የበቃው ግን ካረፉ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት ነው። ብዕሩም በቤታቸው አልጠፋም፤ ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳትመዋል፤ «ቴዎድሮስ» የተባለውንም ታሪካዊ ድራማ ደርሰዋል። የአባትየው ሥራ በታገደበት መድረክ ልጅየው ጽሑፍ ለማቅረብ በቁ።

አራዳ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ መልኩን ለውጧል። ገበያው በወረራው ዘመን ወደ መርካቶ ተዛወረ፤ ሠፈሩም ፒያሳ ተባለ፤ ሲኒማ ቤቶች ተከፈቱበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በከተማው የማደስ ሥራ ምክንያት ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። የጥንቱን አራዳ በድንጋዩ ለመፈለግ የሚወጣ ሰው ከእንግዲህ ጥቂት ያገኛል። በዚያ ሠፈር የተነገረውን ነገር ማስታወስ ግን ድንጋይ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ማንበብና መንገር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለመታሰቢያ ብቻ አይደለም። አንተም አንባቢ ሆይ፣ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት በየቀኑ ከሌላ አገር የመጣ ደንብ፣ ከሌላ አገር የመጣ ቅጽ፣ ከሌላ ቋንቋ የተተረጐመ መመሪያ በጠረጴዛህ ላይ ታገኝ ይሆናል። ምናልባትም አንድ ቀን አንዱን ወደ አማርኛ እንድትመልስ፣ ላገሩም እንዲስማማ አድርገህ እንድታቀርብ ትታዘዛለህ። ያን ጊዜ ሥራህ ቃል መፈለግ ብቻ እንዳይመስልህ። የምትተወው አንቀጽ፣ የምታሳጥረው ሐረግ፣ «እስኪችል ድረስ» ብለህ የምታሳድረው መብት ሁሉ የአንተ ሥራ ነው። የባዕድ ነው ብለህ ኀላፊነቱን ለላ ፎንቴን ወይም ለጃፓን ልትተው አትችልም። ለማን እንደሚነገር፣ ማንን እንደሚጠቅም፣ ማንን ዝም እንደሚያሰኝ አስቀድመህ መርምር፤ ከዚያ በኋላ ጻፍ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ሁለቱንም ሥራ ሠርተዋል፤ አንዱ ተከለከለ፣ አንዱ ጸደቀ። ከሁለቱ የትኛው ለአገሩ እውነቱን ይበልጥ እንደ ነገረው ግን አንተው ፍረድ።